ያ ፍርድ ቤት የሄደው መጽሐፍ ነው እንዴ?

አንድ እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከቅዳሴ ወጥተን ቆመን ሳለ አንዲት ወዳጄ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። የ15 ዓመት ሴት ልጅ አላት። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ አሳየችኝ። «አንቺዬ፣ አንቺ መጽሐፍ አይጠፋሽም። ይሄ ያ ፍርድ ቤት የሄደው ነው እንዴ?»

መጽሐፉን ያገኘችው አልጋ ስታነጥፍ ነው። ልጅቷ ከላይብረሪ ተውሳ ትራሷ ስር ደብቃዋለች።

የእሷ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። በእኛ ሰፈር ወሬ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ፣ የወጣቶች ልብወለድ፣ ሰልፉ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ ሁሉም «ያ ነገር» ተብሎ ይጠራል። ፎቶው ላይ ያየሁት ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። አኒ ኦን ማይ ማይንድ ይባላል። ናንሲ ጋርደን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በ1982 ያሳተመችው፣ ስለሚዋደዱ ሁለት ልጃገረዶች የሚተርክ ልብወለድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እርግጥ ይህም መጽሐፍ ፍርድ ቤት ሄዷል። የሄደው ግን ወዳጄ ገና አዲስ አበባ ተማሪ እያለች ነው።

መጀመሪያ የቅርቡን እንለይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ሀበሻው ብዙ ከመሆኑ የተነሳ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛም ያስተረጉማሉ። በ2022 ትምህርት ቤቶቹ ለትንንሽ ልጆች የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሆኑ የሥዕል መጻሕፍትን ጨመሩ። በአንዱ የአንዲት ልጅ አጎት ወንድ ያገባል። በሌላው አንዲት ትንሽ ልጅ የክፍል ጓደኛዋን ትወዳለች። መጽሐፎቹ ከቅድመ መደበኛ እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ወላጅ ቀድሞ ይነገረዋል፣ ካልፈለገም ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችላል ተባለ። በማርች 2023 ግን ይህ ቀረ። ማሳወቅም ማስወጣትም የለም ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በዚያው ሰመር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ሮክቪል ላይ ሰልፍ ወጡ። ከፊት ከታዩት መካከል ሙስሊሞችና የእኛው ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ ዋሽንግተን ድረስ ሄደ። ጁን 27፣ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ወሰነ። የብዙኃኑን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ናቸው። የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው።

ውሳኔው ያለው ይህን ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ቤቱ እነዚህን መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ሊያነብ ሲል ለወላጅ አስቀድሞ ይንገር፤ ወላጅ ካልፈለገ ልጁ ይውጣ። መጽሐፎቹ ይወገዱ አላለም። ስለ ላይብረሪ መደርደሪያም፣ የ15 ዓመት ልጅ ራሷ መርጣ ስለምትዋሰው ልብወለድም አልወሰነም።

የራሴን ሐሳብ ልናገር። ማሳወቂያውን ማቆሙ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። የ6 ዓመት ልጅ እናት «ምን ልታስተምሩት ነው? ቀድማችሁ ንገሩኝ» ስትል ጥላቻ ነው ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም። ቤተሰብ ሃይማኖቱን ለልጁ የማስተላለፍ መብት አለው። ግን ያ ጥያቄ የተጠየቀው መምህር ለትንንሽ ልጆች ክፍል ውስጥ ስለሚያነብላቸው መጽሐፍ ነው። አሁን ያንኑ ጥያቄ ይዘን የልጃገረዶች ትራስ ስር ገብተናል። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን።

አሜሪካኖች «ያንግ አደልት» የሚሉት ልብወለድ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚጻፍ ነው። ላይብረሪ ውስጥ የራሱ መደርደሪያ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ተራኪዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ «እኔ» እያለች ትናገራለች። ታሪኩ ስለ ትምህርት ቤት ነው፣ ከእናት ጋር ስለመጣላት፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሌዝቢያን ከሆነች የመጀመሪያ ፍቅሯ ሴት ልጅ ናት። የቀረው ያው ነው። ፈተና አለ፣ ብጉር አለ፣ «የት አመሸሽ?» የሚል ወላጅ አለ። ብዙ ወላጅ የሚፈራው የአልጋ ታሪክ ይሆናል ብሎ ነው። ወዳጄ ያገኘችው መጽሐፍ ዝርዝር የአልጋ ታሪክ የለውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሊዛና አኒ የ17 ዓመት ልጆች ናቸው። በዝናብ ቀን ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ይተዋወቃሉ። ሊዛ የግል ትምህርት ቤት ተማሪና የተማሪዎች መሪ ናት። አኒ ደግሞ ከጣልያን የመጣ፣ እጁ አጠር ያለ ቤተሰብ ልጅ ናት። ጓደኝነቱ ቀስ ብሎ ፍቅር ይሆናል። ይታወቅባቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሊዛን የቦርድ አባሎች ፊት አቁሞ ይመረምራል። ሊዛ ትተርፋለች። አብረው የሚኖሩ ሁለት ሴት መምህራን ግን ከሥራ ይባረራሉ። እኔን በጣም የነካኝ ይህ ክፍል ነው። ልጆቹን እናድናለን ተብሎ ለዓመታት በደንብ ያስተማሩ ሁለት ሰዎች እንጀራቸውን ያጣሉ።

መጨረሻው ላይ ሊዛ ኮሌጅ ሆና ስልክ ታነሳለች። አኒ ጋ ትደውላለች። ለመገናኘት ይቀጣጠራሉ። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይሄ ዛሬ ላነበበው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለምን ትልቅ ነገር እንደነበር ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1952 ማሪጄን ሚከር የተባለች ወጣት ደራሲ በብዕር ስም አንድ ልብወለድ አወጣች። ኮሌጅ ውስጥ ስለሚዋደዱ ሁለት ሴቶች ነው። አርታኢዋ አስቀድሞ አስጠነቀቃት። መጨረሻው ደስተኛ ከሆነ ፖስታ ቤቱ መጽሐፉን ሊወርሰው ይችላል አላት። ያኔ «ነውር» የተባለ ኅትመት በፖስታ መላክ ወንጀል ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ አንደኛዋ ታብዳለች። ሌላዋ ድሮም ወድጃት አላውቅም ትላለች። መጽሐፉ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ያነበቡት ሴቶች ሁሉ ያንን መጨረሻ አነበቡ።

እንግዲህ ለዓመታት በአብዛኛው ያልተጻፈው ሕግ ይህ ነበር። በመጽሐፍ ውስጥ ሴት የወደደች ሴት ወይ ትሞታለች፣ ወይ ታብዳለች፣ ወይ ወንድ አግብታ ትተዋለች። ለወጣቶች የሚጻፈውም ወዲያው አልተለወጠም። በ1976 ትሪኒዳድ የተወለደችው ሮዛ ጋይ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ስለሚኖሩ ሁለት ጥቁር ልጃገረዶች ፍቅር ጻፈች። ለጊዜው ትልቅ ድፍረት ነበር። እነሱም ግን በመጨረሻ ይለያያሉ።

ናንሲ ጋርደን ያደገችው በዚያ ዘመን ነው። በ1950ዎቹ ልጃገረድ ሆና ራሷን መጽሐፍ ውስጥ ስትፈልግ ያገኘችው ያንን መጨረሻ ብቻ ነው። እኔ ስጽፍ እንዲህ አይሆንም ብላ ወሰነች። በ1982ቱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የስልክ ጥሪ ከዚያ ውሳኔ የመጣ ነው። ማንም አይሞትም። አንዲት ልጅ ስልክ ታነሳለች።

አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ችግሩ መጣ። በ1993 አንድ ቡድን ይህንን መጽሐፍ ጨምሮ ለካንሳስ ሲቲ አካባቢ 42 ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት በስጦታ ሰጠ። ተቃዋሚዎች ተነሱ። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ ቅጂ በአደባባይ ተቃጠለ። ኦሌታ የምትባል የካንሳስ ከተማ ደግሞ ስጦታውን አልቀበልም አለች። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ማንም ሳያማርርበት የቆየውን የራሱን ቅጂም ከመደርደሪያው አነሳ። ተማሪዎችና ወላጆች ከሰሱ። ልብ በሉ፣ እዚህም ከሳሾቹ ወላጆች ናቸው። ስለ ወላጅ መብት ስንነጋገር «ልጄ ታንብብ» የሚል ወላጅም እንዳለ እንረሳለን።

ኖቬምበር 1995 ዳኛ ቶማስ ቫን ቤበር ወሰኑ። መጽሐፉ ይመለስ አሉ። ምክንያታቸውን መረዳት ለዛሬውም ይጠቅማል። የትምህርት ቦርድ መጽሐፍ መምረጥ ይችላል። ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ለዕድሜው አይሆንም ብሎ ማንሳትም ይችላል። ውስጡ ያለውን ሐሳብ ስለጠላ ብቻ ግን ማንሳት አይችልም። ይህ መመዘኛ የመጣው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ከወሰነው የኒውዮርክ ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። የሚገርመው መጽሐፉ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። የኦሌታ ትምህርት ቤት ለክርክሩ ከ160,000 ዶላር በላይ አወጣ። ለአንድ ቀጭን መጽሐፍ።

ያ የ1982 ውሳኔ ግን ጠንካራ አልነበረም። ዳኞቹ ተከፋፍለው ስለነበር በምክንያቱ ላይ ሙሉ ብዙኃን አልተገኘም። አሁን ያ ስንጥቅ እየሰፋ ነው። በ2025 ቴክሳስን፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን የሚያየው የይግባኝ ፍርድ ቤት ወሰነ። የሕዝብ ላይብረሪ መጽሐፍ ሲያነሳ አንባቢ በንግግር ነፃነት ስም መክሰስ አይችልም አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ስለዚህ ያው መጽሐፍ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ዕጣ አለው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሌላ። ሜሪላንድ በ2024 ላይብረሪዎች በአመለካከት ምክንያት መጽሐፍ እንዳያነሱ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። የወዳጄ ልጅ መጽሐፉን ያገኘችው በዚህ ሕግ ጥላ ስር ካለ መደርደሪያ ላይ ነው።

የቁጥሩ ነገርም አለ። ፔን አሜሪካ የተባለው የደራስያን ድርጅት በ2023–24 የትምህርት ዓመት ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች 10,046 ጊዜ መጽሐፍ ተከልክሏል ብሎ መዘገበ። በ2024–25 ቁጥሩ 6,870 ሆነ። ይህ ቆጠራ ለግምገማ ተብሎ ለጊዜው የተነሳ መጽሐፍንም ይጨምራል። በዚህ የማይስማሙ ሰዎች አሉ፣ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ግን ለልጅ አስቡት። የ16 ዓመት ልጅ መጽሐፉ «ለግምገማ» ስድስት ወር ከቆየ የትምህርት ዓመቷ አልቋል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ድምጿ ቀነሰ። «ታዲያ ልጄ ናት ማለት ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። «አንቺም አታውቂም። የምናውቀው ትራሷ ስር መደበቋን ነው።»

ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። ልጆች እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነቡበት ምክንያት ብዙ ነው። ጓደኛዋ ሌዝቢያን ሆና እሷን ልትረዳት ፈልጋ ይሆናል። ታሪኩን ወዳ ይሆናል። ስለ ራሷ እያሰበችም ይሆናል። መደበቋ ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ቤቷ ውስጥ ስለዚህ ማውራት እንደማይቻል ተረድታለች። ማንም ነግሯት አይደለም። እኛ ስንት ነገር በዝምታ እንደምናስተምር ልጆቻችን ያውቁታል።

በቅርብ ዓመታት ይህንን የስደተኛ ቤት ዝምታ የሚያሳዩ የወጣት ልብወለዶች ወጥተዋል። አዲባ ጃይጊርዳር በ2020 ያወጣችውን አንብቤያለሁ። ዘ ሄና ዎርስ ይባላል። ኒሻት የምትባለው ልጅ ቤተሰቦቿ ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው፣ የምትኖረው ደብሊን ነው። የምትማረው የካቶሊክ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ሂና እየሠራች ትነግዳለች፣ የምትወዳት ልጅም በዚያው ንግድ ተፎካካሪዋ ሆና ትመጣለች። ለወላጆቿ ስትነግራቸው የሚመልሱላት ዝምታ ነው። አጠገቧ የምትቆመው እህቷ ናት። ሠርጉን፣ ዘመዱን፣ «ሰው ምን ይላል»ን ሳነብ የእኛን ሳሎን ያየሁ መሰለኝ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ አገሩ ሌላ ነው። ሶፋው ላይ ያለው ዝምታ ግን ያው ነው።

የሀበሻ ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት እንዲህ ያለ ልብወለድ እስካሁን አላጋጠመኝም። በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም። ጎረቤቶቻችን ጀምረዋል። ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኔኮ ስለ ሁለት የካምፓላ ልጃገረዶች በጻፈችው አጭር ልብወለድ በ2007 ለአፍሪካ ጸሐፍት የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት አግኝታለች። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ ከዚያ ተነስታ ራፊኪ የተባለውን ፊልም ሠራች። ኬንያ በ2018 ፊልሙን አገደች። ፍርድ ቤት ለ7 ቀን እገዳውን ሲያነሳ የናይሮቢ ሰው ሲኒማ ቤቱን ሞላው። አገር ቤት ነገሩ ከመጽሐፍ ያልፋል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። እዚያ ያለች ልጅ የምትደብቀው ከመጽሐፍ የከበደ ነገር ነው።

ሌላው ችግር ቃል ነው። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ! አማርኛ ለዚህ የሚሰጠን የተለመደ ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። «ግብር» ሥራ ነው፣ ድርጊት። «ሰዶም» በእሳት የጠፋች ከተማ ናት። ድርጊትና እሳት። ስለ ሰው የሚናገር ነገር የለውም። ሙዚየም ውስጥ ቆማ አንዲትን ልጅ አይታ ልቧ የመታ የ17 ዓመት ልጅን በዚህ ቃል መጥራት አልችልም። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ይሻላል፣ ግን የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። ስለዚህ ሌዝቢያን እያልኩ በውሰት ቃል እጽፋለሁ። ልጆቻችን የሚያውቁትም እሱን ነው። እናትና ልጅ አንድ ቤት ተቀምጠው ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩበት አንድ ቃል የላቸውም። ይሄ ከፍርድ ቤቱም፣ ከሰልፉም በላይ ያሳስበኛል።

በሳምንቱ ወዳጄ ቡና ጠራችኝ። መጽሐፉን ቦታው መልሳዋለች፣ ልጅቷን ምንም አላለቻትም። እኔ ሌላ ቅጂ ተውሼ ይዤ ሄድኩ። «በአማርኛ የለም?» አለችኝ። የለም አልኳት። እንግሊዝኛዋ ለሥራ ይበቃታል እንጂ ልብወለድ ለማንበብ ያደክማታል። «እንግዲያው አንብቢልኝ» አለች። እጣኑ እየጨሰ፣ እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራት ጀመር። ሙዚየሙን ነገርኳት፣ ዝናቡን፣ የአኒን ቤት። የስደተኛው ቤተሰብ ጋ ስንደርስ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ሊዛ ስለ ራሷ ለማወቅ የአባቷን ኢንሳይክሎፒዲያ የምትከፍትበት ቦታ ደረስን። ልጅቷ ረጅሙን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ታነበዋለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አታገኝም። በጣም ትናደዳለች።

ይህን ስነግራት ወዳጄ ሲኒውን እንደያዘች ቀረች። እኔም ዝም አልኩ። ቡናው ሁለተኛው ነበር፤ ጀበናው እንደገና ተጥዷል።

«ከዚያስ?» አለችኝ።